አፈር፣ ሩዝና የስም ዝርዝር፦ የጥንት ቻይናዎች ግንባቸውን እንዴት ሠሩት?

(በአንድ የንባብ ክበብ ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ የቀነስኩት ሳቁንና ሳሉን ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ከፊት ቦታ አለ።

መጀመሪያ ላስጠንቅቃችሁ፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። የሳይት መሃንዲስ ነኝ። ቀኔ የሚያልቀው ሲሚንቶ ስቆጥር፣ ከፎርማን ጋር ስጨቃጨቅና “ዝናቡ ይመጣ ይሆን?” ብዬ ሰማይ ሳይ ነው። ስለዚህ ስለ ቻይና ግንብ ሳነብ ዓይኔ ንጉሡ ጋ አይሄድም። ይሄን ሁሉ አፈር ማን ተሸከመው? ምሳ ማን አበላው? ሥራውንስ ማን ተረከበው? ዛሬ የማወራችሁ ይሄንኑ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ስለ ታላቁ ግንብ ሲነሳ ሁላችንም የሚታየን ፎቶ አንድ ነው። አረንጓዴ ተራራ፣ በላዩ ላይ እንደ እባብ የሚጥመለመል ግራጫ ግንብ። ፎቶው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቤጂንግ ሰሜን ምዕራብ፣ ባዳሊንግ ላይ ነው። እዚያ ግንቡ በአማካይ 8 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አናቱ ላይ አምስት ፈረሰኞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ ይባላል። ደስ ይላል። ግን ያሳስታል። ያ ክፍል የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሥራ ነው፤ ሚንግ ደግሞ የተመሠረተው በ1368 ነው። ቻይናዎች ያን ጊዜ ግንብ መሥራት ከጀመሩ ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሠሩት አብዛኛው ግንብ ድንጋይም ጡብም አልነበረም። አፈር ነው።

አንድ ግንብም አይደለም። በ2012 የቻይና የቅርስ መሥሪያ ቤት ለክቶ ይፋ ባደረገው መሠረት፣ የሁሉም ዘመናት ግንቦችና ጉድባዎች ሲደመሩ 21,196 ኪሎ ሜትር ናቸው። የሚንግ ብቻውን 8,851 ነው። ከእሱም ውስጥ ከ2,200 በላይ የሚሆነው ኪሎ ሜትር ጭራሽ አልተሠራም፤ ገደልና ወንዝ ነው። ተራራው ራሱ አጥር ከሆነ ምን አደከማቸው?

እንግዲህ ወደ አፈሩ እንግባ።

ቻይናዎች “ሃንግቱ” ይሉታል፣ የተደቀደቀ አፈር ማለት ነው። እኛ ሳይት ላይ “ኮምፓክት አድርጉት” የምንለው ሥራ ነው። ልዩነቱ እኛ ሮለር አለን፣ እነሱ ዱላና ጉልበት ነበራቸው። ሁለት ሳንቃ ፊት ለፊት ይቆማል። ከውጭ በችካል ይደገፋል፣ በገመድ ይታሰራል። ካሳፎርማ ነው በቃ። በመሃሉ አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር ይፈስና ሰዎች ላዩ ላይ ቆመው ይወቅጡታል። ሲጠቀጠቅ ግማሹን ያህል ይሆናል። ከዚያ ሌላ አፈር፣ ሌላ ውቀጣ። ሳንቃው እስከ አፉ ሲሞላ ይፈታና ከፍ ብሎ እንደገና ይታሰራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግንቡ ይወጣል።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ተንኮሉ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። አፈሩ ከደረቀ አይያያዝም። ከረጠበ ደግሞ ከዱላው ሥር እየሸሸ አንዱን ጎን ሲመቱት በሌላው ያብጣል። ልኩን የምታውቁት በመዳፍ ነው። ጨብጣችሁ ስትከፍቱት ኳስ ሆኖ ከቆየ፣ ስትጥሉት ደግሞ ከተበተነ፣ ደርሷል። እኔም ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስ ሳይት ላይ የማደርገው ይሄንኑ ነው። ላቦራቶሪው ቁጥር ይሰጠኛል፤ መዳፌ ግን ቀድሞ ያውቀዋል።

ከዚህ ሥራ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ዠንግዡ የሚባል ከተማ ውስጥ አለ፣ ከ1500 ዓመተ ዓለም አካባቢ ጀምሮ። የሻንግ ነገሥታት ከተማ ነበር። ዙሪያው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ 20 ሜትር ያህል ይወፍራል። የግንቡን ጎን ቆርጠው ሲያዩት በመሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ ንብርብር ነው። እያንዳንዱ ንብር ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር። በየንብሩ ላይ ድቡልቡል ጎድጓዳ ምልክቶች ይታያሉ፤ የዱላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ነው። አስቡት፤ 3,500 ዓመት ያለፈው የአንድ የቀን ሠራተኛ ምት እስከ ዛሬ ይቆጠራል።

ድምፁም አልጠፋም። ከሻንግ ቀጥሎ በነገሠው በዡ ዘመን የተገጠመ አንድ ጥንታዊ ግጥም የዚህን ሥራ ጫጫታ ይዞ ቀርቷል። አፈሩ ወደ ቅርጫት ሲገባ አንድ ድምፅ፣ ወደ ሳንቃው ሲገለበጥ ሌላ ድምፅ፣ ሲወቀጥ “ደንግ ደንግ”፣ ትርፉ ሲላጭ “ፒንግ ፒንግ”። የሠራተኛው ውቀጣ ሥራ የሚያስፈጥነውን ትልቁን ከበሮ ሳይቀር አሸነፈው ይላል። ገጣሚው ሳይት ያየ ሰው ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ከቻይና ዜና መዋዕሎች አንዱ፣ በ598 ዓመተ ዓለም የቹ መንግሥት አንድ ባለሥልጣን ዪ የምትባል ከተማን እንዴት እንዳጠረ ይተርካል። ጀግንነቱን አይደለም የሚያወራው፣ ዝግጅቱን ነው። ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ አሰላ። ሳንቃውን፣ ዱላውንና ቅርጫቱን አከፋፈለ። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ርቀቱ ስንት እንደሆነ ለካ። መሠረቱን ዞሮ አየ። ስንቅ አዘጋጀ። አለቆቹን መረጠ። ሥራው በ30 ቀን አለቀ፣ ከዕቅዱ ዝንፍ ሳይል። (እዚህ ላይ አዳራሹ ሳቀ። ቤት ያሠሩ ሰዎች ነበሩ መሰለኝ።)

በ510 ዓመተ ዓለም ደግሞ የዡን ዋና ከተማ ሲያጥሩ አንድ ሹም ይመደባል። ርዝመቱን፣ ከፍታውን፣ ውፍረቱንና የጉድባውን ጥልቀት ለክቶ፣ ስንት ሰው ለስንት ቀን እንደሚያስፈልግና ምን ያህል እህል እንደሚበላ አስልቶ፣ ድርሻ ድርሻቸውን ለየግዛቱ ገዥዎች በጽሑፍ ሰጠ። ይሄ ዛሬ እኛ የሥራ ዝርዝርና የንዑስ ተቋራጮች ውል የምንለው ነው። የኔም ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። የቻይና ግንብ ምሥጢር ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ አይደለም። አፈር የትም አለ፤ ጉልበትም በግድ ይገኛል። እነሱ ከሌላው በልጠው የሠለጠኑበት ነገር ቆጠራ ነው። ማን፣ ስንት፣ መቼ፣ በማን ኃላፊነት የሚለውን እየመዘገቡ።

ሁላችንም የምናውቀው ስም ቺን ሺ ኋንግ ነው። በ221 ዓመተ ዓለም ቻይናን አንድ ያደረገው ንጉሠ ነገሥት። “ታላቁን ግንብ የሠራው እሱ ነው” ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ከሱ በፊት ቺን፣ ዣኦና ያን የሚባሉት መንግሥታት በሰሜን በኩል የየራሳቸው ግንብ ነበራቸው። የሱ ጄኔራል ሜንግ ቲየን 300 ሺህ ወታደር ይዞ ሺዮንግኑ የሚባሉትን ፈረሰኞች ወደ ሰሜን ገፋና የድሮዎቹን ግንቦች እየጠገነ፣ ክፍተቱን እየሞላ አያያዛቸው። መጨረሻው ግን አላማረም። ንጉሡ በ210 ዓመተ ዓለም ሲሞት ቤተ መንግሥቱ በተንኮል ተያዘ፤ ሜንግ ቲየንም ራሱን እንዲገድል ታዘዘ። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን እንደሚለው ሰውዬው መጀመሪያ “ምን አጠፋሁ?” አለ። ቆይቶ ግን፣ ያን ሁሉ ግንብና ጉድባ ስቆፍር የምድርን ሥር ቆርጫለሁ፣ ጥፋቴ ይሄ ነው አለ። ሲማ ቺየን ግንቡን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። በዚህ ሰበብ አልተስማማም። የምድርን ሥር ተወውና፣ ጥፋትህ የሕዝቡን ጉልበት እንደ ቀላል ነገር ማየትህ ነው ባይ ነው።

አፈር በሌለበትስ? ይሄ ጥያቄ ለመሃንዲስ ደስ የሚል ነው።

ከቺን ቀጥለው የነገሡት የሃን ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎቢ በረሃ ወሰዱት። ዱንኋንግ አካባቢ ያለው መሬት ጠጠርና አሸዋ ነው። ጠጠር ብትወቅጡት ይፈናጠራል እንጂ አይያያዝም። እነሱ ዙሪያቸውን አዩ። ረግረጉ ላይ ሸምበቆ አለ፣ በረሃው ላይ ቁጥቋጦ አለ። ሸምበቆውን አስረው አነጠፉ፤ በላዩ ጠጠር፤ እንደገና ሸምበቆ፤ እንደገና ጠጠር። ያካባቢው ውኃ ጨዋማ ስለሆነ ሲደርቅ ጠጠሩን እንደ ሙጫ ያዘው። እኛ የጭቃ ቤት ስንመርግ ጭድ ለምን እንጨምራለን? እንዳይሰነጠቅ። ሐሳቡ ያው ነው። ያ ግንብ አንዳንድ ቦታ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ እስካሁን ቆሟል፤ 2,100 ዓመት ያለፈው ሸምበቆ ከጎኑ ወጥቶ ይታያል። ለእሳት ምልክት የተከመረው ማገዶም ከማማዎቹ አጠገብ እንደተቆለለ አለ። ማንም አልለኮሰውም።

እዚያው ምዕራብ፣ ጁያን የሚባል ቦታ፣ በ1930 ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የእንጨት ጽላቶች ተገኙ። በ1970ዎቹ ደግሞ ከዚያ የበዙ ወጡ። እንደ ማስመሪያ ቀጠን ያሉ እንጨቶች ናቸው፣ በቀለም የተጻፈባቸው። በሃን ዘመን ወረቀት ገና በስፋት አልተለመደም። እና ምን ተጽፎባቸዋል ትላላችሁ? የጦር ገድል? የቢሮ ወረቀት ነው! ማን ጡብ ሠራ፣ ማን ማገዶ ለቀመ፣ ማን ታመመ፣ ለማን ስንት እህል ተሰፈረ። ተቆጣጣሪ መጥቶ የጻፋቸው የጉድለት ዝርዝሮችም አሉ፤ ይሄ ዕቃ ተሰብሯል፣ ያኛው ጎድሏል እያለ።

ከሥራዎቹ አንዱ በተለይ ያስደንቀኛል። ከግንቡ ጎን ለጎን “የሰማይ እርሻ” የሚሉት ረዥም የአሸዋ መደብ ነበር። ምንም አይዘራበትም። ወታደሩ አሸዋውን በየዕለቱ እየዳመጠ ያለሰልሰዋል። ጠዋት ተነስቶ ያያል፤ ዱካ ካለ ሌሊት ሰው ወይም ፈረስ አልፏል ማለት ነው። ወደ የት እንደሄደም ይታያል። ያለ ካሜራ፣ ያለ መብራት። አሸዋውን ያላስተካከለ ወታደር ስሙ ይመዘገባል።

ቆጠራ ጨካኝ ሰው እጅ ሲገባ ደግሞ ምን እንደሚሆን እዩ። በ413 ሄሊያን ቦቦ የሚባል የሺዮንግኑ ተወላጅ ንጉሥ፣ በዛሬዋ ሻንሺ ሰሜን፣ በረሃው ጫፍ ላይ ቶንግዋን የምትባል ዋና ከተማ ማሠራት ጀመረ። ሥራውን የሚመራው ቺጋን አሊ የሚባል ሹም ነው። የጥራት ቁጥጥሩ እንዲህ ነበር ይላል ዜና መዋዕሉ፦ ወስፌ ይዞ መጥቶ ግንቡን ይወጋል። ወስፌው አንድ ጣት ያህል ከገባ፣ ያን ክፍል የሠራው ሰው ይገደላል፤ ሬሳውም እዚያው ይገነባል። ጸሐፊው አፈሩን “ቀቅለው” ሠሩት ይላል። ለረዥም ጊዜ ሰው ግራ ገባው፤ አፈር እንዴት ይቀቀላል? ፍርስራሹ ሲመረመር ግንቡ አሸዋ፣ ሸክላ አፈርና ኖራ ሆኖ ተገኘ። ጥሬ ኖራ ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚፈላና እንደሚያጨስ ያየ ሰው፣ እንቆቅልሹ ወዲያው ይፈታለታል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሳይቱ በሙሉ እንደ ድስት ሲንተከተክ ነው የሚታየው። ቀለሙ ነጣ ስላለ ያካባቢው ሰው “ነጩ ከተማ” ይለዋል። ዛሬም ቆሟል።

(እዚህ ላይ አንድ ወንድም እጁን አወጣ። “ታላቁ ግንብ ውስጥ የሞቱ ሠራተኞች ተቀብረውበታል የሚባለውስ?” አለኝ። ላልፈው ነበር፤ ጥሩ አደረገ።)

ቻይናዎቹ ራሳቸው ሜንግ ጂያንግ የምትባል ሴት ታሪክ አላቸው። ባሏ ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ ለግንብ ሥራ ተወሰደ። ክረምት ሲመጣ የብርድ ልብስ ሠርታለት በእግሯ ተጓዘች። ስትደርስ ሞቷል አሏት። ግንቡ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ግንቡ ተናደና አጥንቱ ወጣ። አፈ ታሪክ ነው፣ ግን የሰው ብሶት ያለበት አፈ ታሪክ ነው። እንደ መሃንዲስ ግን ልንገራችሁ፤ በተደቀደቀ አፈር ውስጥ ሬሳ አይገባም። ይበሰብሳል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ግንቡ ይሰምጣል። ለርኅራኄ ሲባል ሳይሆን ለሥራው ሲባል አይደረግም። በታላቁ ግንብ አካል ውስጥም እስካሁን የተቀበረ ሰው አልተገኘም። የቶንግዋኑ ሹም ያለውን ፈጽሞት ከሆነ የራሱን ግንብ ነው ያበላሸው።

ሰው አልሞተም ማለቴ ግን አይደለም። በ607 የሱዪ ንጉሠ ነገሥት ያንግ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ለግንብ ሥራ አስነሳ። ሥራው ከ20 ቀን አልዘለለም። ከአሥሩ አምስት ስድስቱ ሞቱ ይላል ታሪኩ። ቁጥሩ ተጋኗል ብንል እንኳ፣ በጥቂት ቀን ይሄን ያህል ሰው የሚያረግፈው ጦር አይደለም። ምግብ፣ ውኃና በሽታ ነው። ስንቅ ሳያሰላ ሠራተኛ የሰበሰበ አለቃ ማለት እሱ ነው። የቹውን ሹም እና እህሉን አስታውሱ።

ወደ ሚንግ ልምጣ። ጡቡ የሚመጣው እዚህ ነው።

የሚንግ መሥራች ዡ ዩዋንዣንግ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። በረሃብና በወረርሽኝ ወላጆቹን ያጣ፣ ገዳም ገብቶ የለመነ ሰው። ገና አማፂ ሳለ ዡ ሸንግ የሚባል አማካሪ “ግንብህን ከፍ አድርግ፣ እህል አከማች፣ ንጉሥ ነኝ ለማለት አትቸኩል” አለው። ምክሩን ያዘ። በ1366 ናንጂንግን ማጠር ጀመረ፤ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 25 ያህሉ ዛሬም አለ። ያን ሁሉ ጡብ አንድ ከተማ አይችለውም። በያንግዜ ወንዝ ተፋሰስ ላሉ አውራጃዎችና ወረዳዎች ተደለደለ። እያንዳንዱ የድርሻውን አቃጥሎ በጀልባ ይልካል።

አንዱን ጡብ ቀረብ ብለን እንየው። 40 ሳንቲሜትር ይረዝማል፣ 20 ይሰፋል፣ 10 ይወፍራል። ክብደቱ ከ15 እስከ 20 ኪሎ፤ አንድ የጀበና ቡና ጠጥቶ የመጣ ሰው በሁለት እጁ የሚያነሳው ነው። ጎኑ ላይ ጽሑፍ ታትሟል። ከላይ የአውራጃው ሹም ስም። ቀጥሎ የወረዳው። ቀጥሎ የመንደሩ አለቆች፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ በደረጃ። ከዚያ ምድጃውን ያቃጠለው ባለሙያ። መጨረሻ ላይ ጭቃውን ያቦካው ገበሬ። ጡቡ ቢሰነጠቅ ንጉሡ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል፣ ከላይ እስከ ታች።

አንድ ጊዜ የሠራሁበት ሳይት ላይ የአንድ ኮለን ካሳፎርማ ሲፈታ ኮንክሪቱ ወንፊት ሆኖ ወጣ። ማን ሞላው? የቀኑ ሺፍት የሌሊቱን ጠቆመ። የሌሊቱ ኮንክሪት አቅራቢውን። አቅራቢው ትራፊኩን። ኮለኑ ፈረሰና እንደገና ተሞላ፤ ያጠፋው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ናንጂንግ ጡብ አነበብኩ። ቅናት ነው የያዘኝ።

የጡብ አሠራሩን በ1637 የታተመ አንድ የቻይና የእጅ ሙያ መጽሐፍ በዝርዝር ጽፎታል። አፈሩ ውኃ ይጠጣና በሬዎች ይነዱበታል፤ ወዲያ ወዲህ እየረገጡ ያቦኩታል። አውድማ ላይ እህል እንደሚያበራዩ ማለት ነው። ከዚያ በሳጥን ይቀረጻል፣ ይደርቃል፣ ምድጃ ይገባል። ቀለሙ ቀይ ያልሆነው ለምንድን ነው? እሳቱ ሊያልቅ ሲል ምድጃው ይታፈንና በአናቱ ላይ ውኃ ይፈሳል። ውኃው ቀስ ብሎ ሰርጎ እንፋሎት ይሆናል። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት አየር ካላገኘ የዝገት መልክ አይዝም፤ ጡቡ ግራጫ ይወጣል። ያ ፎቶ ላይ የምናየው ግራጫ ይሄው ነው።

ጡቡን ከጡብ የሚያያይዘው ማልታስ? ኖራ ነው፣ ግን ሌላ ነገርም አለበት። የሚያጣብቀውን ሩዝ ወስደው እንደ አጥሚት እስኪቀጥን ይቀቅሉታል፤ ከዚያ ከኖራው ጋር ያዋህዱታል። እኔ ለብዙ ጊዜ ተረት ነበር የሚመስለኝ፣ እንቁላል ገባበት ምናምን እንደሚባለው። በ2010 የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች የድሮውን ማልታ መርምረው ስታርቹን አገኙት። ሩዙ ሙጫ ብቻ አይደለም። ኖራው ሲደርቅ ክሪስታሎቹ እንዳያድጉ ይይዛቸዋል፤ ጥቃቅን ሆነው ይታጨቃሉ። ውኃም አያስገባም። የሚበላን ሩዝ ግንብ ላይ ማፍሰስ ግን ለሚራበው ገበሬ ምን ስሜት እንደሚሰጥ መገመት አያቅትም።

ጡብ ሲመጣ አፈሩ አልቀረም፤ ካባ ለበሰ እንጂ። የሺአን ከተማን ግንብ ብታዩ ጡብ ነው የምትሉት። ከ1370 እስከ 1378 ሲሠራ የተደቀደቀ አፈር ነበር፤ ጡቡን የለበሰው በ1568 ነው። ከሥሩ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወፍረው እሱ አፈሩ ነው። መድፍ ቢመታው ጥይቱን ይውጠዋል።

በሰሜን ድንበር ነገሩ የከፋው በ1449 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ጦር ይዞ ወጣና ቱሙ ላይ በሞንጎሎች ተማረከ። ከዚያ ወዲያ መንግሥቱ አጥር አጥር ማለት ጀመረ። በ1474 ዩ ዚጁን የሚባል ሹም በ40 ሺህ ሰው፣ በጥቂት ወር ውስጥ 1,770 ሊ አጠረ። ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። እንዴት ቻለ? ብልሃቱ ስንፍና ይመስላል። ኮረብታ ባገኘ ቁጥር ግንብ አልሠራም፤ ኮረብታውን በውጭ በኩል እንደ ዳቦ ቆርጦ ቀጥ ያለ ገደል አደረገው። ሜዳው ላይ ብቻ አፈር ወቀጠ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ቺ ጂጓንግ መጣ፣ በ1568። በደቡብ የባሕር ወንበዴዎችን ሲዋጋ ስም ያተረፈ ጄኔራል ነው። ከቤጂንግ በስተሰሜን ያለውን ግንብ አይቶ አልወደደውም። ጠባቂው አናቱ ላይ በፀሐይና በውርጭ ይቆማል፤ መጠለያ የለውም፣ መሣሪያና ስንቅ ማስቀመጫ የለውም። ጠላት ሲመጣ የት ይሮጣል? መፍትሔው ውስጡ ባዶ የሆነ ማማ ነበር። ሁለት ሦስት ፎቅ፣ በጡብ ቅስት የተሠራ፣ ከ30 እስከ 50 ወታደር የሚያድርበት፣ ባሩድና እህል የሚከማችበት። 3,000 ልሥራ አለ። እንደ ማንኛውም በጀት ተቀነሰበት። በሦስት ዓመት ግን ከ1,000 በላይ አቁሟል።

የሠሩት ወታደሮቹ ራሳቸው ናቸው። ጂንሻንሊንግ የሚባለው ክፍል ላይ ስትሄዱ ጡቦቹ ላይ ማኅተም ታያላችሁ፤ በ1578 እገሌ የፈረሰኛ ካምፕ ሠራው ይላል። የናንጂንጉ ልማድ ተራራ ላይ ወጣ ማለት ነው። ምድጃዎቹም ሩቅ አልነበሩም። ሻንሃይጓን አካባቢ፣ ከግንቡ ሥር፣ ከ60 በላይ የጡብ ምድጃዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። አንዱ ጡቡን እንደያዘ ነው የተገኘው፤ ተቃጥሎ፣ ተደርድሮ፣ የሚያወጣው አጥቶ። ከምድጃው እስከ ግንቡ አናት ያለውን መንገድ ግን ጡቡ የሄደው በሰው ጀርባና በአህያ ነው። በፍየልም ይላሉ ያገሩ ሰዎች፤ ሁለት ጡብ በቀበቶ አስረው ወደ ላይ ይሰዷቸው ነበር ይባላል። ፍየልን ለሚያውቅ ሰው የማይታመን አይደለም።

ስለ ውኃ ካላወራሁ ሙያዬ ይታዘበኛል። የግንቡ አናት ወደ ውስጥ በኩል ትንሽ ዘንበል ይላል። የዝናቡ ውኃ ወደ አገር ቤት በኩል በድንጋይ አሸንዳ ይወርዳል፣ ከግንቡ ራቅ ብሎ እንዲወድቅ። በጠላት በኩል አሸንዳ ብዙም አይደረግም። ውኃ የግንቡን እግር ይበላላ፤ አሸንዳ መወጣጫም ይሆናል። እኛ ዛሬ የምንሠራቸው ስንት ፎቆች ናቸው በአሸንዳ ጥፋት ግድግዳቸው አረንጓዴ የሆነው?

የማማዎቹ ቋንቋም የቁጥር ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ ደንብ አለ። ጠላት እስከ መቶ ከሆነ አንድ ጢስ፣ አንድ መድፍ። 500 ከሆነ ሁለት ሁለት። ከ1,000 ሲያልፍ ሦስት። 5,000 አራት። 10,000 አምስት። ጢሱን ያየው ማማ ይደግመዋል፣ ቀጣዩም እንደዚያው። ማታ በእሳት ነው።

ከጨረቃ ይታያል የሚባለውን ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነበር፣ ማንም አልጠየቀኝም። አይታይም። በ2003 ቻይናዊው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ ከምድር ብዙም ሳይርቅ ሲዞር ቆይቶ ሲመለስ “አላየሁትም” ብሏል። ያገሩ አፈር ከአገሩ አፈር እንዴት ይለያል? ቀለሙ አንድ ነው።

አሁንስ? አፈሩን ነፋስና ዝናብ እየላጨው ነው። ጡቡን ደግሞ ሰው ወሰደው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመንደሩ ሰው በጋሪ እየጫነ ቤቱንና የአሳማ በረቱን ሠራበት፤ አልፈርድበትም፣ ጥሩ ጡብ ነዋ። በ2023 ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ (ቶንግዋን ካለችበት ሻንሺ ሌላ ናት፣ ስማቸው ተመሳስሎ ነው) ሁለት ሰዎች ለሥራ መንገድ ለማሳጠር በኤክስካቫተር የሚንግን ግንብ ሰንጥቀው ገቡ። ፖሊስ የማሽኑን ዱካ ተከትሎ ያዛቸው።

ናንጂንግ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ጡቡን እየመለሱ ነው። አሮጌ ቤት ሲፈርስ፣ የአትክልት ቦታ ሲቆፈር ይወጣል። ለግንቡ ጠባቂዎች ደውለው ያስወስዱታል፣ ወይ በብስክሌት ጭነው ያመጡታል። ጠባቂው በብሩሽ ጭቃውን ያራግፍና ጎኑን ወደ ብርሃን ያዞራል። መጀመሪያ የሚፈልገው ጽሑፉን ነው፤ ከላይ ሹሙን፣ ከታች ገበሬውን።

በቃኝ፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ስኒ ይዛችሁ ኑ።